ውዝፍ ቀለብ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረበ ተንታኝ «ውዝፍ ቀለብ ማለት አባት ከደመወዙ አንድ ሦስተኛውን ሳይሰጥ የቀረው ገንዘብ ነው፤ ሥራ ካጣ ደግሞ ዳኛው ይሰርዝለታል» ሲል ሰማሁት። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ስሕተት። ሰውየው ብቻውን ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን ይህንኑ ቃል በቃል አምነው፣ አንድ ወረቀት እንኳን ሳይዙ ችሎት የሚቆሙ ሰዎችን ማየት ሰልችቶኛል። ስለ ፍቺና ስለ ልጅ አስተዳደግ መብት መሠረታዊውን ነገር ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፈው።

ውዝፍ ቀለብ ፍርድ ቤት በየወሩ እንዲከፈል የወሰነው፣ ወይም ተፋቺዎቹ ተስማምተው ፍርድ ቤት ያጸደቀው፣ ቀኑ ደርሶ ሳይከፈል የቀረ ገንዘብ ነው። ከፋዩ አባት ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም፤ ልጁ ከአባቱ ጋር ከሆነ እናትም ትከፍላለች። ፍርድ ከሌለ ደግሞ ክርክሩ ሌላ ነው። ያኔ የሚያስፈልገው አዲስ የቀለብ ክስ እንጂ የአፈጻጸም መዝገብ (የተፈረደውን ለማስፈጸም የሚከፈት መዝገብ) አይደለም።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለውዝፍ ቀለብ የሚጠሩበት ቀጠሮ የአፈጻጸም ቀጠሮ ነው። የአፈጻጸም ችሎት የተፈረደውን እንደተፈረደ ያስፈጽማል፤ ፍርዱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ አይመረምርም። የፍርድ ባለዕዳው፣ ማለትም ክፈል የተባለው ሰው፣ ቆሞ «ድሮም ሦስት ሺህ ብር በዝቶብኝ ነበር» ሲል፣ ዳኛው ዝም ብለው የሚያዩት ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። ያ ጥያቄ ይግባኝ ላይ መቅረብ ነበረበት፤ ካልሆነም «ቀለቡ ይሻሻልልኝ» በሚል ማመልከቻ። የቤተሰብ ሕጉ የቀለብ መጠን እንደ ጠያቂው ፍላጎትና እንደ ከፋዩ አቅም እንዲወሰን ያዛል፤ ሁኔታው ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅም ይፈቅዳል። እስኪሻሻል ድረስ ግን የቀደመው ትእዛዝ በየወሩ መቁጠሩን ይቀጥላል።

እቁብን አስቡ። በየወሩ ሁለት ሺህ ብር ለመጣል የተመዘገበ ሰው አምስት ወር ጠፍቶ በስድስተኛው ወር መጣና «ሥራዬን ለቅቄ ነበር» አለ። የእቁቡ ዳኛ ያዝንለት ይሆናል፤ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ግማሽ ዕጣ ይውረድ ቢባልም ያስኬዳል። ያለፉት አምስት ወሮች ግን በጸሐፊው ደብተር ላይ ሰፍረዋል። በመጀመሪያው ወር መጥቶ «አልቻልኩም» ቢል ኖሮ ዕዳው እዚህ ባልደረሰ። «ለፋሲካ ለዳኛው ቤት በግ ልኬአለሁ» ቢል በጉ ከመዋጮው አይቆጠርለትም። «ከጸሐፊው ጋር ተኮራርፈን ነው የቀረሁት» ቢልም እንዲሁ። ምሳሌው ከዚህ በላይ አይሄድም፤ እቁብተኛ ወዶ የገባ ነው፣ ተራው ሲደርስም የጣለውን ይወስዳል። ልጅ ግን አስመዝግቡኝ አላለም።

ኩርፊያውንና በጉን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ልጄን አላሳየችኝም፤ ስለዚህ አልከፍልም» የሚለው መልስ በችሎት ደጃፍ ሁሉ የሚሰማ ነው። ልጁን የመጎብኘት መብት እውነተኛ መብት ነው፤ የሚከለክል ወላጅ ካለም ጎብኚው ራሱን የቻለ ማመልከቻ አቅርቦ ትእዛዝ ማስፈጸም ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የሕፃኑ ደኅንነት ነው ይላል፤ የታረቁትም የተጣሉትም ወላጆች ልጅ ቁርስ ይበላል። በሌላም በኩል እናትየዋ «እስኪከፍል ልጁን አያይም» ማለቷ ያው ስሕተት ተገልብጦ ነው። አንዱን መብት በሌላው ማንም በግሉ ማካካስ አይችልም።

በጉ ደግሞ ስጦታው ነው። ለልደት የተገዛ ብስክሌት፣ ለዘመን መለወጫ የተሰፋ የሀገር ልብስ፣ በአክስት እጅ የተላከ አምስት መቶ ብር፣ እነዚህ ሁሉ የአባት ፍቅር ምስክሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የቀለብ ደረሰኝ ግን አይደሉም። ፍርዱ የትምህርት ቤት ክፍያን ለይቶ በከፋዩ ላይ ጥሎ ከሆነና ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ የከፈለበት ደረሰኝ ካለ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይቅረብ። ስለዚህ ከምንም በፊት የፍርዱን ግልባጭ አውጥቶ ትእዛዝ የሚለውን ክፍል በጥንቃቄ ማንበብ ነው። የሚገርመው፣ ለዓመታት ሲካሰሱ የኖሩ ሰዎች ያንን ገጽ አንብበውት አያውቁም።

አሁን ወደ አንድ ሦስተኛው። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ከሠራተኛ የወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ይህ ለአሠሪው የተቀመጠ የቆረጣ ጣሪያ ነው። የቀለብ መጠን መለኪያ አይደለም። በእኛ ሕግ ቀለብ ይህን ያህል በመቶ ነው የሚል ቀመር የለም፤ ዳኛ የልጁን ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት በአንድ ወገን፣ የከፋዩን አቅም በሌላ ወገን አስቀምጦ ይመዝናል። ልዩነቱ በተግባር ትልቅ ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ደመወዝ ያለው ሰው አምስት ሺህ ብር ቀለብ ተፈርዶበት ከሆነ፣ ከደመወዙ ሊቆረጥ የሚችለው አራት ሺህ ነው። ቀሪዋ አንድ ሺህ ግን አትተንም። በየወሩ እየተጠራቀመች ውዝፍ ትሆናለች፤ ከባንክ ሒሳብ፣ ከመኪና፣ ከኪራይ ገቢ ትፈለጋለች። ተንታኙ ያቀላቀለው ይህንን ነው፤ እሱን ሰምቶ «ከደመወዜ እየተቆረጠ ነው፣ ዕዳ የለብኝም» ብሎ የተቀመጠ ሰው ሲያዝኑለትም ያስቸግራል።

ጠያቂዋ ወገን (አብዛኛውን ጊዜ እናት ስለሆነች እንዲህ ልበል) ምን ይዛ ትቅረብ? የፍርዱን ግልባጭ ብያለሁ። ከዚያ ሒሳቡን። መከፈል የነበረበት ወር፣ መጠኑ፣ የተከፈለው፣ የቀረው፤ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ፣ ከታች ድምሩ። «ከሁለት ዓመት ወዲህ ምንም አልሰጠኝም» የሚል ማመልከቻ ቁጣን እንጂ ዕዳን አያሳይም፤ ተከሳሹ አንዲት ክፍያ አሳይቶ ሙሉውን አቤቱታ ያጠራጥራል። የተቀበለችውን ሁሉ፣ አነስተኛዋንም ጭምር፣ ራሷ ቀድማ ትጻፍ። የባለዕዳውን ንብረት ፈልጎ ማሳወቅም በአመዛኙ በእሷ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የሚጠቀምበት ባንክ፣ በስሙ ያለ ተሽከርካሪ ወይም የንግድ ፈቃድ። ችሎቱ ደብዳቤ የሚጽፈው የት እንደሚጽፍ ሲነገረው ነው።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ሳልናገር አላልፍም። «ፍርድ አሥር ዓመት ይቆያል» የሚለውን ሰምተው ቀለቡ እስኪከማች የሚጠብቁ አሉ። የአሥር ዓመቱ ገደብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለፍርድ አፈጻጸም በጠቅላላው የተቀመጠ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ግን ሳይጠየቅ ስለተከማቸ ቀለብ የራሱ አጭር ገደብ አለው፤ በወራት የሚቆጠር እንጂ በዓመታት አይደለም። ልዩ ሁኔታ አለው፤ ሆኖም በልዩ ሁኔታ ተማምኖ መዘግየት ለተከራካሪ ወገን መከላከያ በነፃ ማደል ነው። ቀለብ የዕለት ጉሮሮ ስለሆነ ሕጉ የሚያስበው በየጊዜው ይጠየቃል ብሎ ነው። ሁለት ወር ሲያልፍ ማመልከቻው ይግባ።

ባለዕዳውስ? መቅረት የሁሉም ጥፋት እናት ነው። መጥሪያ ደርሶት ያልመጣ ሰው ጉዳዩ ያለ እሱ ይቀጥላል፤ ታስሮ እንዲቀርብ ሊታዘዝም ይችላል። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አቅም እያለው አልከፍልም ያለን ባለዕዳ እስከ ማሰር የሚያደርስ ሥልጣን ለአፈጻጸም ችሎት ሰጥቷል። ከዚህ የተለየ የወንጀል ጉዳይም አለ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከልን ያስቀጣል። በሁለቱም መንገድ ሚዛኑ የሚያርፈው «መክፈል ይችል ነበር ወይ?» በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ አልቻልኩም የሚል ሰው አለመቻሉን ያስረዳ። የሥራ ስንብት ደብዳቤ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ። «እግዜር ያውቃል» የሚለው መልስ ከመዝገብ ጋር አይያያዝም።

የከፈለ ሰው ደግሞ የከፈለበትን ያምጣ። የባንክ ዝውውር ወይም የቴሌብር መልእክት ቀንና መጠን ስላለው ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ላይ «የእገሌ ቀለብ፣ የጥቅምት» ተብሎ ከተጻፈ ይበልጥ ይጠነክራል። በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ያለ ፊርማ አይሰጥ። ሙሉውን ዕዳ በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ሰው የክፍያ ዕቅድ በቁጥር ጽፎ ይቅረብ፤ በዚህ ቀን ይህን ያህል፣ ከዚያ በየወሩ ከመደበኛው ቀለብ በላይ ይህን ያህል። ቢቻል የመጀመሪያውን ክፍያ ከቀጠሮው በፊት ፈጽሞ ደረሰኙን ያያይዝ። ገቢው በእውነት ከወደቀ የቀለብ ይሻሻልልኝ ማመልከቻውን ዛሬውኑ ያስገባ፤ ወደ ኋላ አያድነውም፣ ከተፈቀደለት ግን ወደ ፊት የሚቆጥረውን ይቀንስለታል።

ጠበቃ ግዴታ አይደለም። አቅም የሌላት የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍል በደሃ ደንብ መክሰስ እንድትችል መጠየቅ ትችላለች፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ማመልከቻ ይጽፋሉ። እናት ቤይሩት ወይም ሪያድ ሆና ልጁን አያት የምታሳድገው ከሆነ፣ ልጅ የምታጎርስ አያት መሆን ብቻውን በችሎት ለመቆም አይበቃም። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተሰጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ሳምንታት ስለሚወስድ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ይጀመር።

እዚህ የቤተሰብ ሕግ ስል የነበረው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራውን አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ በብዙው ቢመሳሰሉም አንቀጽ ቁጥሩን ከዚያው ሕግ መጥቀስ ያስፈልጋል። ተከራካሪዎቹ ፈቅደው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተወሰነ ቀለብም አለ፤ የዚያ መዝገብ ባለቤት ግልባጩን የሚያወጣው ከዚያው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው፣ የማመልከቻውንም አቀራረብ በዚያው ይጠይቅ።