የመዋኛ ገንዳ አጥር ከፍታ የሚለካው ከየት ነው?

አሜሪካ ውስጥ በጓሮው የመዋኛ ገንዳ የሚያሠራ ሰው ግራ የሚጋባው ቁፋሮው ላይ ሳይሆን አጥሩ ላይ ነው። ብዙ ግዛቶች የሚከተሉት ደንብ ከፍታው ቢያንስ 48 ኢንች (1.22 ሜትር ገደማ) ይሁን ይላል፤ ካሊፎርኒያ ከተፈቀዱት የደህንነት መከላከያዎች መካከል አጥርን ለሚመርጥ ሰው 60 ኢንች ታደርገዋለች። ልኬቱ ግን የሚወሰደው በገንዳው በኩል ሳይሆን ከውጭ፣ ልጅ ሊንጠላጠል ከሚመጣበት ወገን ነው። ስለዚህ በውጭ በኩል አፈር ከተቆለለ፣ ከውስጥ ሲለኩት የሞላው አጥር ከውጭ ይጎድላል። በቋሚዎቹ መካከል 4 ኢንች ስፋት ያላት ኳስ እንኳ ማለፍ የለባትም። በሩም ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲለቁት በራሱ ተዘግቶ የሚቆለፍ መሆን አለበት። እንግዳ ይመላለስበታል ብሎ በድንጋይ ደግፎ ማቆየት፣ በእኛ ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ እዚህ አይሠራም።