ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው

ይህን ተረት የሚናገሩት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ያለውን ቆጥሮ «ተመስገን» የሚል ሰው ነው፤ ተረቱን ለራሱ ይናገረዋል። ሁለተኛው ሰጪው ነው፤ የተሰጠውን አነሰኝ ብሎ ባጉረመረመ ሰው ላይ ይወረውረዋል። ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ ባንዱ አፍ ምስጋና፣ በሌላው አፍ ስድብ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር በብዛት የሚሰማው ስድቡ ነው።

ጥብቆ ለልጅ የሚሰፋ አጭርና ጠባብ ልብስ ነው። የተረቱ መነሻም ከዚሁ ከልጅነት፣ እንዲያውም ከመወለድ ነው። ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ጨርቅ ይዞ አልመጣም፤ ኢዮብ ንብረቱን ሁሉ ባጣ ጊዜ ያሰበውም ይህንኑ ነው። እንግዲህ መለኪያው የጎረቤት ካባ ሳይሆን ራቁትነት ከሆነ፣ ጥብቆም ትርፍ ነው ማለት ነው። ነገሩ ያስኬዳል። ግን ተረቱ ሳይጠይቅ ያለፈው ነገር አለ፤ ጥብቆ የሚለብስ ሰው ሌላ ያጣ ነው ብሎ ደምድሟል።

ይህን ድምዳሜ የሚያፈርስ አንድ የታወቀ ልብስ አለ፤ ጂምናስቲክ ሠሪዎችና ዳንሰኞች የሚለብሱት ሊዮታርድ። የአዋቂ ጥብቆ ቢባል ያምርበታል።

ስሙ የሰው ስም ነው። ዡል ሌዮታር ቱሉዝ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ያደገ፣ ሕግ ያጠና ልጅ ነበር። አባቱ የጂምናስቲክ ማሠልጠኛ ነበራቸው። ልጁ ከመዋኛ ገንዳው በላይ በተንጠለጠሉ ዘንጎች ላይ እየተወዛወዘ፣ አንዱን ለቆ ሌላውን በአየር ላይ መያዝ ተለማመደ። ሲስት ውኃው ይቀበለዋል። ኖቬምበር 12 ቀን 1859 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ውስጥ በሰርከስ ናፖሌዎን ይህንኑ በሕዝብ ፊት አደረገው። በትራፔዝ (በገመድ በተንጠለጠለ ዘንግ) ላይ የሚሠሩ ከእሱ በፊትም ነበሩ፤ ከትራፔዝ ወደ ትራፔዝ መብረርን ግን ያመጣው እሱ ነው። በዚያ አዳራሽ ከታቹ ውኃ አልነበረም፤ የዛሬዎቹ በራሪዎች የሚተማመኑበት መረብም ገና አልመጣም።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ሰፊ እጅጌ ጠላት ነው። ዘንጉ እጅ በሚገባበት ቅጽበት ጨርቅ ከመዳፍና ከእንጨት መካከል ቢገባ እጅ ያንሸራትታል፤ የሸሚዝ ጫፍ ተገልብጦ ፊት ላይ ቢወድቅ የሚቀጥለው ዘንግ አይታይም። ስለዚህ ሌዮታር በሹራብ አሠራር የተሠራ፣ ገላ ላይ ልጥፍ የሚል አንድ ወጥ ልብስ ለበሰ። ተመልካቹ የክንዱንና የደረቱን ጡንቻ ሲሠራ አየለት፤ እሱም በዚህ የተከፋ አይመስለኝም። ልብሱን «ማዮ» ነበር የሚለው፤ የራሱ ስም የተሰጠው በ1870 ከሞተ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ጥብቆ የለበሰው ካባ አጥቶ አይደለም። ካባው ስለሚገድለው ነው።

ዳንሰኞችም ልብሱን ለልምምድ ወሰዱት። የባሌት ቀማሪው ጆርጅ ባላንሺን በ1946 ከነከባድ አልባሳቱ ያቀረበውን አንድ ባሌት በ1951 አልባሳቱን አስወልቆ በተራ የልምምድ ልብስ መድረክ ላይ አወጣው፤ ጨርቁ ሲቀነስ ጭፈራው ጎልቶ ታየ። በ1958 ደግሞ ዱፖንት በሚባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ ስፓንዴክስን ፈለሰፈ፤ ሲለጠጥ ተለጥጦ መልሶ የሚሰበሰበው ይህ ክር፣ ሹራብ ላብ ሲጠጣ የሚያመጣውን መርገብ አስቀረ። ሮማንያዊቷ ጂምናስቲክ ሠሪ ናዲያ ኮማነች በ1976 ሞንትሪያል ላይ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ጂምናስቲክ 10 (ሙሉ ነጥብ) ስታገኝ የለበሰችው በጎኑ መስመር ያለበት ነጭ ሊዮታርድ ነበር፤ ሌላ ጌጥ አልፈለገም። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። የአሜሪካ ሴቶች ቡድን በ2016 ሪዮ ላይ የለበሰው በሺዎች በሚቆጠሩ ክሪስታሎች ያብረቀርቅ ነበር። ጥብቆው ራሱ ካባ ሆነ።

ለወንድ በወንድ የተሠራው ልብስ ዛሬ በውድድር ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ ማየት ያስገርማል። ወንዶቹ እጅጌ የሌለውን ሊዮታርድ ከላይ ለብሰው፣ በቀለበትና በአግድም ዘንግ ላይ ሲሠሩ ረጅም ሱሪ ይደርባሉ። ሴቶቹ ግን በልማድ እግራቸው ባዶ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ጥቃቅኑን ሁሉ ይለካል፤ የሴቶቹ ሊዮታርድ የትከሻ ማንገቻ ከ2 ሴንቲ ሜትር መጥበብ የለበትም፣ የእግሩ ቁርጥ ከዳሌ አጥንት በላይ መውጣት የለበትም። ደንብ ያልጠበቀ አለባበስ ነጥብ ያስቀንሳል። ልብሱ ወደ ላይ እንዳይሸሽ ቆዳቸው ላይ ማጣበቂያ የሚነፉም አሉ።

«መች አነሰው» የሚለው ፍርድ የማን ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ለሌዮታር መልሱ ቀላል ነበር፤ ራሱ መረጠ፣ ራሱ ለበሰ። በኤፕሪል 2021 ጀርመናዊቷ ጂምናስቲክ ሠሪ ሣራ ፎስ በስዊዘርላንድ ከተማ ባዝል በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ አንድ ወጥ ልብስ ለብሳ ገባች። በዚያው ዓመት ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ የጀርመን ቡድን አባላት የሆኑት ፎስ፣ ፓውሊነ ሼፈር-ቤትስ፣ ኤሊዛቤት ዛይትስና ኪም ቡዪ አራቱም በማጣሪያው እንደዚያው ለብሰው ቀረቡ። ያሉትም ሁሉም ሰው ይህን ይልበስ አይደለም፤ እያንዳንዷ የሚመቻትን ትልበስ ነው። ነጥብ አልተቀነሰባቸውም፤ ረጅሙን ልብስ ደንቡ ቀድሞውንም ይፈቅደው ነበር፣ ለብሶት የሚወጣ ግን እምብዛም አልነበረም።