የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፦ ችኮላው የት ላይ ነው?

ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳዩ ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ የሚበልጠው የሚወስደውን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ ወዲህ ጅማም የብስክሌት ተንታኝ አላነሳትም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ አንድ ፀጉር ቤት ተራ እየጠበቅሁ ሳለ፣ ልጆቹ ሞባይላቸውን መስተዋቱ ላይ አስደግፈው የጣሊያኑን የብስክሌት ውድድር፣ ጂሮን፣ ያያሉ። እንግሊዛዊው ሳይመን ዬትስ ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ በሚባለው አቀበት ላይ ከተፎካካሪዎቹ ተነጥሎ ወጣ። ገና ብዙ መንገድ ይቀራል። ይሄኔ ማሽኑን የያዘው ልጅ፣ ደንበኛውን ግማሽ ተላጭቶ ትቶት፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ቆይ ታያላችሁ» አለ።

ዬትስ በዚያው ቀን የመሪውን ሮዝ ማሊያ ለበሰ፤ በማግስቱ ሮም ላይ ጂሮውን አሸነፈ። ትንበያ መሳት የማንም ነው፣ ለእሱ ብዬ ብዕር አላነሳም። የቆረቆረኝ አባባሉ ያለቦታው መወርወሩ ነው።

ትርጉሙን ለእናንተ መንገር ማሰልቸት ይሆናል። ይልቅ ምኑ ፈሰሰ፣ ለምን ፈሰሰ፣ ማንስ ለቀመው የሚለው ነው ደስ የሚለኝ። ጅማ ያደገ ሰው ለዚህ ሩቅ አይሄድም፤ የቡና ወቅት ይበቃዋል።

ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ ቡና ይለቀማል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ቀን ቀን እየተገላበጠ፣ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው እየተሸፈነ ሳምንታት ይቆያል። ልጣጩ ጠቁሮ ሲደርቅ፣ እፍኝ ይዘው ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ሲንኳኳ፣ ጀንፈል ሆኗል ማለት ነው። ጆንያ ውስጥ ይገባል። ዋናው ነገር ታዲያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ የጆንያው አፍ ይታጠፍና በወስፌና በሲባጎ ከዳር እስከ ዳር ይሰፋል። በሁለቱ ጥግ አንሺው የሚይዛት ጆሮ ትቀርለታለች። ጆሮዋም ሥሯ ላይ በሲባጎ ጥምጥም ተደርጋ ትታሰራለች፤ ይህቺን የዘነጋ ሰው ሲያነሳ ጆሮዋ እጁ ላይ ትቀራለች። ሴት አያቴ ስትሰፋ ሲባጎውን በጥርሷ ይዛ ነበር የምታጠብቀው። በስፌቷ መሐል ጣት አይገባም።

ልጅ ሆኜ ክረምት ከበጋ ስል የምከርመው አጋሮ አካባቢ እሷው ዘንድ ነበር። አንድ የገበያ ቀን አጎቴ፣ ነጋዴው ሳይሄድ ልድረስ ብሎ፣ የአንዱን ጆንያ አፍ ሳይሰፋ ጠምዝዞ በገመድ አሰረና ፈረሱ ላይ ጫነው። ፈረሱ አልሮጠም። አጎቴም አልሮጠም። ወንዙ አጠገብ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ጭነቱ ወደ ፈረሱ አንገት ሲንሸራተት ገመዱ ላላ። ጀንፈሉ እየተንሿሿ ሣሩ ውስጥ፣ ድንጋዩ ሥር፣ ፈረሱ የረገጠው ጭቃ ውስጥ ገባ። ቤተሰቡ በሙሉ ተጠራ። ቁጢጥ ብለን ለቀምን፤ ጭቃ የነካው ለብቻ፣ ንጹሁ ለብቻ፤ ጭቃ የነካ ቡና አፈር አፈር ስለሚል ገዢ አይሸወድም። ከዚያ ወዲያ ገበያው አለፈ፣ ነጋዴውም ሄደ። አጎቴ «እማዬ፣ እኔ እኮ መንገዱን ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት» ሲላት አያቴ ቀና ሳትል «መንገዱንማ ቀስ አልክ። አንተ የቸኮልከው ቤት ነው» አለችው።

የአባባሉ አገር የት ነው ለሚለው የራሴ ግምት አለኝ፤ አልለቅም። ብዙ ሰው ወደ ሰሜን አውድማ ይወስደዋል። ነገር ግን ጤፍ ቢፈስ ማን ይለቅመዋል? ጤፍ ይጠረጋል፣ ይነፋል፣ ካልሆነም ለዶሮ ይተዋል። ስንዴና ገብስም ቢሆን ይታፈሳል እንጂ አንድ በአንድ በጣት አይነሳም። ቁጢጥ ብሎ መልቀም የሚያዋጣው ፍሬው ሲተልቅ፣ ዋጋውም ሲከብድ ነው። አንድ ጎጃሜ ወዳጄ «ባቄላስ?» ይለኛል። እሺ፣ ባቄላ ይለቀማል። ባቄላ ፈሰሰ ተብሎ ግን ቤተሰብ ሙሉ አይጠራም። ስለዚህ አባባሉን ከቡና አገር ያወጣው የሲራራ ነጋዴ ነው ባይ ነኝ። በአባ ጅፋር ዘመን የጅማው ሂርማታ ገበያ ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበት ነበር። አሞሌ ጭኖ መጥቶ ቡና ጭኖ የሚመለስ፣ በየቁልቁለቱ የበቅሎ ጭነት ሲያቃና የሚውል ሰው ይህን አባባል ባይፈጥረው ነው የሚገርመኝ። ማስረጃ አምጣ ለሚለኝ ማስረጃዬ ጤፍ ነው።

ደግሞም «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚል እያለን ይህኛው የተጨመረው በከንቱ አይደለም። ያኛው ተስፋ ያስቆርጣል። ይህኛው የፈሰሰበትን ሰው ሥራ ያበዛበታል፣ ወገቡን ያጎብጠዋል፣ ግን ቡናውን ይመልስለታል።

ወደ ዬትስ ልመለስ። ጂሮ 21 የውድድር ቀን አለው፤ የየቀኑ ሰዓት ይደመርና ጥቂት ጊዜ የወሰደበት ያሸንፋል፤ እስከዚያው በድምሩ የሚመራው ሮዝ ማሊያ ይለብሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዬትስ ማሊያውን 13 ቀን ለብሶት ነበር፤ ሦስት ቀንም አሸንፏል። ጉልበቱን በየአቀበቱ ሲበትን ከርሞ በ19ኛው ቀን እዚሁ ፊኔስትሬ ላይ እግሩ ከዳው። ተፎካካሪው ክሪስ ፍሩም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ብቻውን ተነጥሎ ማሊያውን ሲወስድ፣ ዬትስ ከ38 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። ፈሰሰ ማለት ይሄ ነው። ፍሩም ያን ያህል ርቀት ብቻውን ሲሄድስ ለምን አልፈሰሰበትም? ቡድኑ አስቀድሞ በየመንገዱ ውሃና ምግብ የያዙ ሰዎች አስቁሞለት ነበር።

ፀጉር ቤት በታየው፣ እ.ኤ.አ. በ2025ቱ ጂሮ፣ 20ኛው ቀን ጠዋት መሪው ሜክሲኳዊው ኢሳክ ዴል ቶሮ ነበር። ሪቻርድ ካራፓዝ በ43 ሰከንድ፣ ዬትስ በ1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይከተላሉ። ፊኔስትሬ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ወደ ጫፉ ሲቃረብ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች ይሆናል። ዬትስ እዚያ ላይ ሲነጠል ለሚያየው የቸኮለ ይመስላል። ቡድኑ ግን የቡድን ጓደኛውን ዋውት ቫን አርትን ቀደም ብሎ ከወጡት ጋር አስቀድሞ ልኮት ነበር። ዬትስ ጫፉን አልፎ ሲወርድ ቫን አርት ጠብቆ ተቀበለው፤ ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን እየሰበረ ሸለቆውን ጎተተው። በብስክሌት ከሰው ጀርባ የተጠለለ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ብቻውን ነፋስ የሚመታው ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ እዚያ ሸለቆ ውስጥ አንድ ወዳጅ ማግኘት ማሊያ ያስገኛል። ከኋላ ዴል ቶሮና ካራፓዝ «አንተ ጎትት፣ አንተ ጎትት» ሲባባሉ ሰዓቱ ሄደ። እነሱ ምንም አልቸኮሉም። በመጨረሻው ድምር ዴል ቶሮ በ3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ተበልጦ ሁለተኛ ሆነ።

እንግዲህ የዬትስ ጆንያ ጠዋት ተሰፍቶ ነው የወጣው። አባባሉ ለእሱ ይገባዋል ከተባለም የሚገባው በሙሉ ታሪኩ ነው፤ በ2018 ያፈሰሰውን በሰባት ዓመቱ እዚያው አቀበት ላይ ተመልሶ ለቀመ። ፀጉር ቤት ሆኖ «ታያላችሁ» ለማለት ግን ሰባት ዓመት ዘግይቷል።

ዛሬ ዛሬ አባባሉ የዘገምተኛ ጠበቃ ሆኗል። መሥሪያ ቤት ገብተህ ጉዳዬ የት ደረሰ ብትል፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ፈገግ ብሎ «ወንድሜ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይልሃል፤ ፋይልህ ገና አልተከፈተም። ያልተጫነ ጭነት ከየት ሊፈስ ነው? ባለ ባጃጁ የእቃህን ገመድ ሳያጠብቅ ይነሳና «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ አታስብ» ይልሃል፤ ይሄ ደግሞ አጎቴ ነው፣ ቁርጥ። ዝግታን ማሞገስ የፈለገ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለለት፣ እሱን ይውሰድ። እሱም ቢሆን ለተቀመጠ ሰው የተባለ አይመስለኝም፤ ለጊዜው ግን እሱን ይውሰዱና የቡናውን ይተዉልን።