ሲስትና እርግዝና፦ ሐዋሳ ላይ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ አልትራሳውንድ መታየት እንደ ድሮው አይከብድም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ውጤቱ ላይ «ሲስት» ይጻፋል፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ማብራሪያው በሁለት ቃል ያልቃል። የቀረውን ቡና ላይ ጎረቤት ይጨርሰዋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ሲስት ዕጢ ነው፣ ዕጢ ደግሞ ካንሰር ነው»

ሲስት ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። ኦቫሪ በሚባለው የሴት የእንቁላል ማምረቻ ላይ በየወሩ እንቁላል የያዘች ትንሽ ከረጢት ታድጋለች። 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትሆን ፈንድታ እንቁላሏን ትለቃለች። አንዳንዴ ሳትፈነዳ ትቀርና ታብጣለች። አንዳንዴም ከፈነዳች በኋላ መልሳ ፈሳሽ ትቋጥራለች። የወር አበባ በሚያዩ ሴቶች ላይ የሚገኘው ሲስት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ካንሰር የሚሆነው ጥቂቱ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የተገኘ ወይም ውስጡ ጠጣር ነገር ያለው ሲስት ግን ጠበቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። ስለዚህ ለእናት የተነገረውን ለ25 ዓመት ልጇ መተርጎም አያስኬድም።

«ካልወጣ አይድንም»

ውሃ ብቻ የያዘና ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሲስት ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ከ5 እስከ 7 ከሆነ በአልትራሳውንድ ይከታተሉታል። ከ7 ካለፈ ተጨማሪ ምርመራ ወይም ኦፕራሲዮን ይታሰባል። እኛ አገር ሰው መድኃኒት ሳይታዘዝለት ከወጣ ያልታከመ ይመስለዋል። እኔ ግን «ትንሽ እንጠብቀው» የሚል ሐኪም ይበልጥ ያስተማምነኛል።

«የወሊድ መከላከያ እንክብል ያሟሟዋል»

አያሟሟውም። በጥናት ሲታይ የወሰዱትም ያልወሰዱትም ሲስታቸው የጠፋው በተመሳሳይ ጊዜ ነው። አዲስ እንዳይፈጠር ግን ሊረዳ ይችላል።

«ከሆዷ ፀጉርና ጥርስ ወጣ፣ መተት ነው»

ፀጉሩም ጥርሱም እውነት ነው፣ መተቱ ነው ውሸቱ። ደርሞይድ የሚባለው ሲስት የሚነሳው እንቁላል ከሚሆኑት ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች ወደ ቆዳ፣ ፀጉር፣ ስብ፣ ጥርስም መለወጥ ይችላሉ። ይሄኛው በራሱ አይጠፋም፣ ቀስ እያለ ያድጋል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ኦቫሪውን ትተው ሲስቱን ብቻ ያወጣሉ። አንዱ ኦቫሪ ቢወጣ እንኳን ጤነኛ በሆነው ሌላኛው ማርገዝ ይቻላል።

«እርጉዝ ላይ ሲስት ከተገኘ ጽንሱ አይቆይም»

ከሁሉም በላይ የምናደድበት ይሄ ነው፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ሲስት ብዙ ጊዜ እንቁላሏ የወጣችበት ከረጢት ነው። ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን እያመነጨ እርግዝናውን የያዘው እሱ ነው። ከ8ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ገደማ ሥራውን የእንግዴ ልጅ ይረከበዋል። ከዚያ ሲስቱ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ 16ኛው ሳምንት ሲደርስ አብዛኛው ጠፍቷል። በሁለተኛ ወሯ «ይውጣልኝ» የምትል እህት እርግዝናውን ደግፎ የያዘውን ነው አውጡልኝ የምትለው። የግድ መውጣት ካለበት ሆርሞኑ በመድኃኒት ይተካላታል።

ሳይጠፋ ቀርቶ ካደገ ወይም ካጠራጠረስ? ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ኦፕራሲዮኑ ከ14ኛው ሳምንት በኋላ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ቢሆን ይመረጣል። ያኔ የጽንሱ አካል ተሠርቷል፣ ማህፀኑም ገና ሆዱን አልሞላውም። የኦቫሪ ካንሰር ሲጠረጠር የሚታዘዘው ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ በእርግዝና ብቻ ከፍ ሊል ስለሚችል ቁጥሩን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ምጥም ቢሆን፣ ሲስቱ የልጁን መውጫ ካልዘጋ በስተቀር በተፈጥሮ መውለድ ይቻላል።

«ጤና አዳም ጠጪ፣ ሆድሽን ታሺ»

እርጉዝ ሴት ይሄን አትሞክረው። ተጨምቆ የሚጠጣ ጤና አዳም ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል። ማሸት ሲስቱን ሊያፈነዳው ይችላል እንጂ አያጠፋውም።

«ሕመሙ እስኪነጋ ይተወኛል»

ብዙው ሲስት ጊዜ ይሰጣል፤ የተጠማዘዘ ኦቫሪ ግን አይሰጥም። ሲስት የከበደው ኦቫሪ በራሱ ላይ ሲዞር ደም ይቋረጥበታል። ምልክቱ በአንድ ጎን በድንገት የሚጀምር ኃይለኛ ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜ ማስመለስ አለበት። እርጉዝ ላይ «ጨጓራ ነው» ወይም «ምጥ ሊመጣ ነው» እየተባለ ይታለፋል። በሰዓታት ውስጥ ከተደረሰበት ኦቫሪው ሊተርፍ ይችላል፤ ስለዚህ የስንተኛ ወር እርግዝና ነው ተብሎ አይጠበቅም። በእርግዝና መጀመሪያ ከሆነ ደግሞ ከማህፀን ውጪ የተፀነሰ ጽንስም እንዲሁ ያማል። ራስን መሳት ወይም ደም መፍሰስ ካለማ ነገሩ ብሷል። ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሳችሁ ሐዋሳ ሪፈራል ወይም አዳሬ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል እስክትታዩ ምንም አትቅመሱ።