የጣሊያን ሳንዱች በድሬዳዋ

የጣሊያን ሳንዱች ተጣብቀው የተጋገሩ ትንንሽ ዳቦዎችን ሳይነጣጥሉ አግድም ሰንጥቆ፣ መሐላቸው ሥጋና ቺዝ አንጥፎ፣ ላያቸውን በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ቀብቶ ወደ ኦቭን በመመለስ የሚሠራ የግብዣ ምግብ ነው። ከአንድ ፓትራ ከ12 እስከ 24 ፍሬ ይወጣል፤ አንዱ ፍሬ ሁለት ወይም ሦስት ጉርሻ ነው። በድሬዳዋ ቤቶች ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለክርስትና፣ ለኒካህና ለኢድ ዘመድ ሲሰበሰብ ከሳምቡሳውና ከኬኩ ጎን ሲቀርብ ይታያል። ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ስለ ከተማዋ ከተጻፈው ታሪክና በከተማዋ ከዚራ ሰፈር ካለ አንድ ማድ ቤት ነው።

ስሙ

«ጣሊያን» የተባለው በሙሌቱ ምክንያት እንጂ ምግቡ በዚህ መልኩ ከጣሊያን አገር ስለመጣ አይደለም። ጣሊያኖች ፓኒኖ አላቸው፤ ቱሪን ላይ ደግሞ ቅርፊቱ ተገፎ በሦስት ማዕዘን የሚቆረጠው ትራሜዚኖ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ዳቦውን ሳይለያዩ በፓትራ ሞልቶ መጋገር ግን የአሜሪካ ማድ ቤት ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ሳንዱች የሚጠራበት «ስላይደር» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ዋይት ካስል ከተባለው የሃምበርገር ድርጅት ጋር ነው፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1921 በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ ተከፍቶ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሃምበርገር በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ሞርታዴላ፣ ሳላሚ፣ ፕሮቮሎኔና በአቼቶ የተዘፈዘፈ ቃሪያ በአንድ ዳቦ መደርደሩን ወደ አሜሪካ ያሻገሩት የጣሊያን ስደተኞች ናቸው። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1906 በሲሲሊያዊ ባለ ሱቅ እንደተጀመረ የሚነገርለት ሙፉሌታ የተባለው ሳንዱች የዚሁ ቤተሰብ ታላቅ ወንድም ነው።

ስለዚህ ሳንዱቹ ድሬ የደረሰው ዞሮ ዞሮ ነው። ሲደርስ ግን እንግዳ አልሆነም፤ የሚያስፈልገው ሁሉ፣ እስከነ ጣሊያንኛ ስሙ፣ ቀድሞ ከተማው ውስጥ ነበረ።

ባቡሩና ዳቦው

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዩ ሌዮን ሸፍኑ የባቡር መሥመር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ) ከተራራው ግርጌ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበረች፤ ነገር ግን ሐዲዱ ያን ዳገት ይወጣው ዘንድ ወጪው አልተቻለም። ሜዳው ላይ የተቆረቆረው ጣቢያ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ስሙ አልቆየም፤ ከተማዋ የራሷን ስም ይዛ ቀረች። (ሐረሮች ይህን ታሪክ ሲያነሱ «ልጃችን ናት» ይላሉ። ልጅቱ በቁመት እናቷን አልፋለች።) ሥራው በገንዘብ ምክንያት ለዓመታት ቆሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በተቋቋመው የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ባቡር ኩባንያ ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ሥራው ቆሞ በነበረባቸው ዓመታት ድሬ የመሥመሩ መጨረሻ፣ የዕቃው ሁሉ ማራገፊያ ነበረች።

ደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን ኩባንያው በቀጥታ መንገድና በጥላ ዛፍ ያሰናዳው ከዚራ፣ በሌላው የቀፊራ ገበያን የያዘው መጋላ አለ። በከዚራና በአካባቢው ፈረንሳዮች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች፣ በመጋላ በኩል የየመን አረቦችና ሕንዶች ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር ኖረዋል። ወደ ጣቢያው ሥራ በማለዳ የሚወጣ ሠራተኛ ተሸክሞት የሚሄድ፣ በሙቀት ቶሎ የማይበላሽ ምግብ ይፈልጋል፤ የድሬ ሰው ዳቦ ወዳድ የሆነው በዚህ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። መጋላ ላይ ዳቦን «ሮቲ» ቢሉት የሚደናገር የለም፤ ቃሉ ከሕንድ ተነስቶ ሶማልኛውንም ያዳረሰ ነው።

በኦቭን የሚጋገረውን ረዥሙን ዳቦ ማን አመጣው በሚለው ላይ ክርክር አለ። «ፉርኖ» የሚለው ስም ጣሊያንኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ለጣሊያን ይሰጠዋል። ሆኖም ጣሊያን ድሬዳዋን የያዘው በግንቦት 1928 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የኩባንያው ፈረንሳዮች ከ30 ዓመት በላይ እዚህ ኖረዋል፣ ፈረንሳይ ደግሞ ያለ ዳቦ ቁርስ አይበላም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ዳቦውን ለባቡሩ፣ ስሙን ለጣሊያን ይሰጣል። ድፎና ሙልሙልን ለሚጋግር አገር ዳቦ ራሱ አዲስ እንዳልነበረ ሳይዘነጋ ነው እንግዲህ።

በድሬ ወረራው 5 ዓመት ገደማ ቆይቶ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የኮመንዌልዝ ጦር ሐረርን ከዚያም ድሬዳዋን ሲይዝ አበቃ። ከወታደሩ ይልቅ ቃላቱ ሥር ሰደዱ፤ ፉርኖ፣ ሳልሳ፣ አቼቶ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሞርታዴላ። ዛሬ ለሱቅ የሚላክ ልጅ «ሳልሳና አቼቶ ይዘህ ና» ሲባል ሁለት ጣሊያንኛ ቃል እንደተናገሩት አያውቅም። በደርግ ዘመን፣ ከ1967ቱ ውርስ በኋላ፣ ብዙዎቹ የውጭ ዜጎች ሄዱ፤ ምጣዱና ቃሉ ቀረ።

ዳቦው በቤት ሲጋገር

ዳቦ ቤት የሚሸጠው ፉርኖ ለዚህ ሳንዱች ቅርፊቱ ይጠነክራል፤ ሲነክሱት ሙሌቱ በሌላ በኩል ይወጣል። የሚፈለገው ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ነው። ለ20 ፍሬ ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 7 ግራም እርሾ፣ 60 ግራም ስኳር፣ 8 ግራም ጨው፣ ሩብ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ አንድ እንቁላልና 60 ግራም የገበታ ቅቤ በቂ ነው። ሊጡ እጅ መያዙን እስኪተው ይታሻል። ከዚያ በ45 ግራም ገደማ እየተድቦለቦለ፣ 25 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፓትራ ላይ 4 በ5 ይደረደራል። መሐላቸው የጣት ስፋት ይተዋል፤ ሲነፉ ይነካካሉ፣ ሲጋገሩ ይጣበቃሉ። ከላይ ጥቁር አዝሙድ የሚነሰንስ ቤት አለ፤ የሚያስፈልገውም እሱ ነው፣ ሰሊጡን ለሌላው እንተወው።

የድሬ አየር እዚህ ላይ ይረዳል፣ ያታልላልም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሌላ አገር አንድ ሰዓት ተኩል የሚጠይቀው ሊጥ እዚህ በ40 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ ጓዳ ረስተውት ቡና ከተጠራሩበት ደግሞ ይኮመጥጣል። የለመዱ ሴቶች በሙቀቱ ወር ወተቱን ሳያሞቁ፣ እርሾውንም በግማሽ ቀንሰው ያቦካሉ። መብራት በጠፋ ቀን እንደ ድፎው ከታችም ከላይም ፍም ይደረግለታል። ያ ዳቦ ጠርዙ ትንሽ ቢያርም የከሰል ሽታው ይወደዳል።

ሙሌቱ

ሞርታዴላ የቦሎኛ ከተማ ምርት ሲሆን በአገሩ ከአሳማ ነው የሚሠራው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ በየሱቁ በብዛት የሚገኘው የበሬ ነው፤ ፔፐሮኒና ሃም የሚለውን የውጭ አሠራር የሚከተል ሰው መጀመሪያ የሚለውጠው እሱን ነው። ሞርታዴላ ያልተመቸው ቤት ሥጋውን በስሱ ቆርጦ በጥብስ ቅጠል ጠበስ አድርጎ ያስገባል። የጥብስ ቅጠሉ ጣሊያኖቹ ሮዝማሪኖ የሚሉት ራሱ ነው፤ በሶብላችንም የባዚሊኮአቸው ዘመድ ስለሆነ ቅመም ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም።

ቺዙ ፕሮቮሎኔ ወይም ሞዛሬላ ይሆናል። ሁለቱም በሙቅ ውኃ ታሽተው የተሳቡ በመሆናቸው ሲሞቁ ይቀልጣሉ፣ ዳቦውን ከሥጋው ጋር ያጣብቃሉ። አይብ ግን አይቀልጥም። በኮመጠጠ አሬራ የረጋ ነው፣ ቢጋገር ይደርቃል እንጂ አይሳብም፤ «አይብስ ቺዝ አይደለ?» ብሎ የሞከረ ሁሉ ደረቅ ፍርፋሪ በልቷል።

ቲማቲም የሳንዱቹ ጠላት ነው። ቀፊራ ላይ የሚሸጠው የበሰለ ቲማቲም ውኃው ብዙ ስለሆነ ፍሬውን አውጥቶ፣ ጨው ነስንሶ፣ ሩብ ሰዓት አዝቅጦ መጠቀም ያሻል። ወይም ሳልሳው በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ወፈር እስኪል ይበስልና በስሱ ይቀባል። ቃሪያው ፍሬው ወጥቶ በአቼቶ፣ በጨውና በትንሽ ስኳር አድሮ ይገባል።

አደራደሩ ሥርዓት አለው። ባለ ጥርስ ቢላዋ በፓትራው ርዝመት ገብቶ ሃያውን ዳቦ እንደ አንድ ሉህ ይሰነጥቃል። የታችኛው ሉህ ብቻውን ለ3 ደቂቃ ኦቭን ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፤ ይህችን የዘለለ ሰው ታቹ የራሰ ሳንዱች ያቀርባል። ከዚያ ቺዝ፣ ሥጋ፣ ቃሪያ፣ እንደገና ቺዝ፣ የላይኛው ሉህ። የቀለጠ ቅቤ ከተከተከተ ነጭ ሽንኩርትና ከደረቀ በሶብላ ጋር ተቀላቅሎ ይቀባል። በፎይል ተሸፍኖ በ175 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ ፎይሉ ተነስቶ 5 ደቂቃ። ከወጣ በኋላ 5 ደቂቃ ካልታገሱት ቺዙ ከቢላዋው ጋር ይወጣል። በእኛ ቤት የሚታገስ የለም፤ የጠርዟ ተረኛ ማን እንደሆነ ገና ኦቭኑ ሳይከፈት ይጮሃል። «አቦ፣ ባለፈውም አንቺ ነሽ የወሰድሽው!»

ማዮኔዝ የሚጨምሩ አሉ፣ አይመከርም። በጥሬ እንቁላል የተመታ ማዮኔዝ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ የድሬ ግብዣ ደግሞ በረንዳ ላይ ነው፣ እንግዳውም በሰዓቱ አይመጣም። አንድ የልደት ቀን ከበላነው ግማሾቻችን ሌሊቱን በተራ ስንነሳ አደርን። ከዚያ ወዲህ ማዮኔዝ ፍሪጅ ውስጥ በሳህን ለብቻው ነው የሚቆየው።

ሁለት ፓትራ፣ አንዳንዴም ሦስት

ምግቡ የድሬ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ከዚራም ሆነ ሳቢያን ሰፈር አንድ ቤተሰብ ሲጠራ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት አብሮ ይጠራል፤ በአንድ ቤት ውስጥ በጋብቻ የተቀላቀሉም ጥቂት አይደሉም። ሥጋው ግን አይቀላቀልም፤ እያንዳንዱ በራሱ ሃይማኖት የታረደውን ይበላል። በትልቅ ድግስ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻው የሚታረድበትና የሚሠራበት ልማድ አለ፣ ሳንዱቹም ያንኑ ይከተላል። ባለቤቷ ክርስቲያን ከሆነች የሙስሊሙን ፓትራ ጎረቤቷ በራሷ ማድ ቤት፣ በራሷ ቢላዋ ሠርታ ታመጣለች። በማግስቱ ግብዣው የጎረቤቷ ሲሆን ሥራው ይገለበጣል። ፓትራዎቹ ከአንድ ሰፈር ስለሚወጡ መልካቸው አንድ ነው፤ እንዳይምታቱ በአንደኛው ላይ ስቴኪኒ ይሰካል። የኛዋ እትዬ የምትሰካው ሁልጊዜ የሙስሊሙ ላይ ነው፤ ሕፃኑ ሁሉ ያውቀዋል፣ የማያውቅ እንግዳ ከመጣም የመጀመሪያ ሥራው መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ፓትራ የጾም ነው። ሊጡ በውኃና በዘይት ይቦካል፣ እንቁላልም አይገባውም፤ ከላይ በቅቤ ፈንታ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ይቀባል። ውስጡ ወፍራም ሳልሳ፣ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ድንችና ቃሪያ ነው። ቱና የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ግን ከቤት ቤት፣ ከአባት አባት ይለያያል፤ አንዳንዶች አጥብቀው ይከለክላሉ፣ አንዳንዶች ያልፉታል፣ ይህ ዳሰሳም ፍርድ ውስጥ አይገባም። ቱና ከሌለበት ይህ ፓትራ የሁሉም ነው፣ ቶሎ የሚያልቀውም እሱ ነው።

የጾሙ ፓትራ ሥራ የሚበዛበት ለቁልቢ ገብርኤል ነው። የንግሥ በዓሉ በዓመት ሁለቴ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይከበራል፤ ከአዲስ አበባና ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ድሬ ያድራል። የታኅሣሡ በዓል ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ በሚዘልቀው የነቢያት ጾም መሐል ይውላል፣ ስለዚህ ቅቤ ያለበት ፓትራ ለክርስቲያኑ እንግዳ አይቀርብም። የሐምሌው ከሐዋርያት ጾም በኋላ፣ ከፍልሰታ በፊት ስለሆነ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር የፍስክ ነው።

በሐረር

ሐረርም ይሠራል። ከተማዋ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ብርዱ ሊጡን ያዘገየዋል፤ ብዙ ጊዜ ከምሽት አቡክቶ ማሳደር ይሻላል።

የተረፈው

ከተረፈ በፎይል ተጠቅልሎ ፍሪጅ ያድራል። ጠዋት በብረት ምጣድ፣ በዝግታ እሳት፣ ክዳን ተደርጎበት ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይሞቅና ከሻይ ጋር ይበላል። ማይክሮዌቭ ዳቦውን እንደ ጎማ ያደርገዋል። የጾሙ ፓትራ ግን ሳይሞቅም ይበላል፤ ለቁልቢ መንገደኛ ማለዳ ላይ በፌስታል ቋጥረው የሚሰጡት እሱን ነው።