ካልቸራል ክሪሚኖሎጂ፦ ከዴንቨር ግድግዳ እስከ ሰሜን ሸዋ የደም መመለስ

ካልቸራል ክሪሚኖሎጂ ወንጀልን ከባህልና ከስሜት ጋር አያይዞ የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ነው። ስንት ሰው ተዘረፈ፣ ስንቱ ታሰረ የሚለው ቁጥር ብቻውን አይበቃውም። ድርጊቱ ለአድራጊው ምኑ ነበር? ሌላውስ ለምን «ወንጀል» ብሎ ጠራው? ጥያቄው ይሄ ነው።

በዘርፉ ቶሎ የሚነሳው ስም የአሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት የጄፍ ፌሬል ነው። ፌሬል በዴንቨር ከተማ ሌሊት ግድግዳ ላይ ከሚስሉ ወጣቶች ጋር አብሮ ዞሯል፣ አብሮ ስሏል፣ ተይዞም ያውቃል። ከዚያ የወጣው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። በ1995 ደግሞ ከክሊንተን ሳንደርስ ጋር የዘርፉን ስም ርዕሱ ያደረገ የጽሑፎች ስብስብ አወጣ። በ2001 መጨረሻ ቋሚ የፕሮፌሰርነት ሥራውን ትቶ ቴክሳስ ወዳለችው ፎርት ዎርዝ ከተማ ሄደ። ስምንት ወር ያህል ከሰው ቆሻሻ የለቀመውን እየሸጠና እየተጠቀመ ኖረ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ልጆች «ቆራሌው!» ይሉት ነበር።

በእንግሊዝ በኩል መንገዱን የጠረገው ሶሲዮሎጂስቱ ጆክ ያንግ ነው። በለንደን ኖቲንግ ሂል ማሪዋና አጫሾችን አጥንቶ፣ የፖሊስ ጫናና የጋዜጣ ጩኸት ነገሩን እንደሚያብስ በ1971 ጻፈ። ያንግ፣ ፌሬልና ኪት ሄይዋርድ በ2008 የዘርፉን መግቢያ መጽሐፍ በጋራ አሳትመዋል።

ይህ ዓይነቱ ጥናት ለሰሜን ሸዋ ባዕድ አይደለም። በመንዝና በተጉለት የሚታወቀውን ደም መመለስ እንውሰድ። ለፖሊስ መዝገብ ሰው መግደል ነው፣ አለቀ። ለሟች ወገን ግን የወንድሙን ደም ያልመለሰ ሰው ለቅሶ ቤት አንገቱን ይደፋል። ሙሾ አውራጇ ስትነካካው፣ ሰርግ ላይ ፉከራው ሲወርድ፣ ሁሉም እሱን የሚያይ ይመስለዋል። ገዳዩ ፍርዱን ጨርሶ ከእስር ቢወጣም ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተከፍሎ ዕርቅ ካልወረደ ደሙ አልደረቀም። የወንጀል ሕጉ ብቻውን ይህን አያሳይም።

ዘርፉ ትችት አያጣውም። አጥፊውን ጀግና አስመስሎ የተጎዳውን ይረሳል የሚሉት አሉ፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ። የገዳዩን ክብር ስንተነትን ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው የሟች ሚስት ከገጹ ትወጣለች። ዘዴውም ቢሆን ልክ አለው። ፌሬል ከልጆቹ ጋር ቀለም ረጭቷል። ከደም መላሽ ጋር አድፍጦ ማስታወሻ የሚይዝ ተመራማሪ ግን አይኖርም። የሚጠየቁት ታራሚዎች፣ ሽማግሌዎችና የሟች ቤተሰቦች ናቸው፤ ያም ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።