ገመዱ ላይ የተጻፈው «5 ቶን» ምን ማለት ነው?

ክረምት ላይ ሐረጎ ዳገት ጭቃ የያዘው መኪና በገመድ ሲጎተት ሰው ዙሪያውን ይከባል። እባካችሁ ራቁ!

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «የመበጠሻ ጉልበት 5 ቶን» ማለት 5 ቶን ጎትቱበት ማለት አይደለም። አዲስ እያለ እንኳ እዚያ ልክ ሲደርስ ይበጠሳል ማለት ነው። የሥራ ጭነቱ፣ ማለትም በደህና የሚጎተትበት ልክ፣ ሌላ ነው፤ ለብረት ገመድ ብዙ ጊዜ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 1 ቶን ይወሰዳል። ቋጠሮ ካለበት ጉልበቱ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ናይለን ደግሞ የባሰ ነው። እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሲወጠር ውሃው ከክሮቹ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሲጢጥ ይላል። ከተበጠሰ ጫፉ ተመልሶ ይገርፋል፤ መንጠቆ ካለበት እንደ ጥይት ይወረወራል። አይቶ መሸሽ የለም። በገመዱ መስመር አትቁሙ፣ አትሻገሩትም። ልጆቹን መጀመሪያ አርቁ።